በኩሌ ሞት ለትንንሽ ልጆች ስለሚነገርበት መንገድ

ግልጽ ደብዳቤ ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የጋምቤላ ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም በኩሌ መጠለያ ጣቢያ ለሚያስተምሩ፣ ለሚያክሙና በሕፃናት ጥበቃ ለሚሠሩ ሁሉ

ከቤተሰቡ ሰው የሞተበት ትንሽ ልጅ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ የሆነውን በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ሰውና ከነገረው በኋላ አጠገቡ የሚቆይ ሰው። ሥልጠናውም፣ መጫወቻውም፣ የምክር አገልግሎቱም ከእነዚህ ሁለት ነገሮች በኋላ የሚመጣ ነው። በኩሌ ሁለቱን ማሟላት ከባድ የሚሆነው ከጣቢያው አመጣጥ የተነሣ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የተቀሰቀሰው ውጊያ ወደ አፐር ናይል ሲዛመት፣ በፓጋክ በኩል ድንበር ተሻግረው የመጡት በአብዛኛው የኑዌር እናቶችና ልጆች ነበሩ። የቴርኪዲ ጣቢያ ተከፍቶ ብዙ ሳይቆይ፣ በግንቦት 2006 ዓ.ም. በኢታንግ ልዩ ወረዳ ኩሌ ተከፈተ። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ነው። ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት ከአክስት፣ ከአያት፣ ከታላቅ እህት ወይም ከጎረቤት ጋር የመጡ ናቸው። ስለዚህ ሞት ሲመጣ ለልጁ ሊነግረው የሚገባው ሰው ራሱ ቀድሞ የሞተ፣ ወይም ከድንበር ማዶ የቀረ ሊሆን ይችላል።

የኩሌ ልጆች ሞትን የሚያውቁት ገና በጨቅላነታቸው ነው። ጦርነቱና የመንገዱ ረሃብ የወሰደው ወሰደ፤ በጣቢያው ውስጥ ደግሞ ወባ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና የወሊድ አደጋ አለ። በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. በጋምቤላ ጣቢያዎች የተከሰተው ሄፓታይተስ ኢ በተለይ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ላይ ያሉ ሴቶችን የሚገድል በሽታ ነው። እናት ከነጽንሷ ስትሞት ቤት የቀሩት ትንንሾች እናታቸውንም ሲጠብቁት የነበረውንም ሕፃን በአንድ ጊዜ ያጣሉ። ከዚህ ሁሉ በመነሣት «እነዚህ ልጆች ሞትን ለምደውታል» የሚል አነጋገር ይሰማል። አነጋገሩ ስሕተት ነው፤ ጉዳትም አለው፣ ምክንያቱም ልጁን ከመንገርና ከማጽናናት ነፃ ያወጣል። አስከሬን ያየ የአራት ዓመት ልጅ ሞት ምን እንደሆነ ገብቶታል ማለት አይቻልም።

ልጅ ስለ ሞት ቀስ በቀስ የሚረዳቸው ነገሮች አራት ናቸው። የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም። የሞተ ሰውነት አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። ሞት በአካል ላይ የሚደርስ ምክንያት አለው። ሕይወት ያለው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል። ማሪያ ናጊ የተባለችው ሃንጋሪያዊት ተመራማሪ የቡዳፔስት ልጆችን ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመችው ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ፣ መመለሻ እንዳለው ነገር ያዩት እንደነበር ገልጻለች። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ዕድሜውን ትንሽ ወደ ታች አውርደውታል፤ አብዛኞቹ ልጆች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዋናውን ነገር ይይዙታል። ይህን የሚያፋጥነው በግልጽ የተነገራቸው ነገር ነው።

ትንሹ ልጅ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ብሎ ሲጠይቅ «ሞታለች፣ አትመለስም» የሚል መልስ ያገኛል። በማግስቱ ያንኑ ይጠይቃል፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ይህ አለመስማት ወይም ግትርነት ሳይሆን የሐዘን ሥራው ነው። «መቃብር ውስጥ ማን ያበላታል?» ይላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ትረጥባለች ብሎ ይጨነቃል። «አሁን እኔን ማን ያበላኛል?» ብሎ ቢጠይቅ አዋቂው ሊቀየመው አይገባም፤ ለሕፃን ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ መልሱም የሰው ስም መሆን አለበት። ከሁሉ የከፋው ግን የማይጠየቀው ጥያቄ ነው። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ የዓለም ሁሉ መነሻ እሱ እንደሆነ ያስባል። ከወንድሙ ጋር በተጣላ ማግስት ወንድሙ በወባ ቢሞት፣ የገደለው የእሱ ክፉ ቃል እንደሆነ አምኖ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ለልጅ ሞትን የሚነግር ሰው ሳይጠየቅም ቢሆን «ያንተ ጥፋት አይደለም፤ የተናገርኸውና ያሰብኸው ነገር ሰው አይገድልም» ማለት ይኖርበታል።

አዋቂዎች ሞትን ለመሸፈን የሚመርጧቸው ቃላት በየትም አገር ልጅን ያሳስታሉ፤ በኩሌ ግን ከሌላው ቦታ የባሰ ያሳስታሉ። «ሄዷል» የሚለው ለምሳሌ በአዲስ አበባ ለሚኖር ልጅ የማይገባው ምሥጢር ሆኖ ይቀር ይሆናል። ለኩሌ ልጅ ግን «ሄዷል» የየዕለቱ እውነት ነው። አባቶችና አጎቶች ከብት ለማየት፣ ዘመድ ለመፈለግ ወይም ለመዋጋት ድንበር ተሻግረው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ከወራት በኋላ፣ አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ በፓጋክ መንገድ ይመለሳል። ጋምቤላ ራሷ የምታውቀው ሌላ ታሪክም አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ላይ ባደረሱት ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ሲገደሉ ከ100 በላይ ሕፃናት ታፍነው ተወስደው ነበር። ከተወሰዱት ሕፃናት ብዙዎቹ በቀጣዮቹ ወራት በየቡድኑ ተመልሰው መጡ። በእንዲህ ያለ ክልል የሚያድግ ልጅ የጠፋ ሰው ሊመጣ እንደሚችል በዓይኑ አይቷል። አባቱ ሞቶ «ሄዷል» ከተባለ በየቀኑ መንገድ ሲያይ ይውላል፤ ቆይቶም አባቴ ሊመጣ ስላልፈለገ ነው ወደሚል ሐሳብ ይደርሳል። ለልጅ ከአባት ሞት የሚከብደው አባት እንደተወው ማመን ነው።

«ተኝታለች» የሚለውም እንዲሁ ነው። በወባ ትኩሳት ያለፈችው እህቱ ተኝታለች የተባለ ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል፤ ትኩሳት ሲይዘው ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል። «እግዚአብሔር ስለሚወዳት ወሰዳት» ሲባል የሚወደደው ሁሉ ይወሰዳል ብሎ ይደመድማል። ይህ ማለት እምነት ከልጅ ሐዘን ይራቅ ማለት አይደለም። በኩሌ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ለቤተሰቦች ትልቅ መጽናኛ ናቸው፤ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ የሚሰጡት ትምህርትም ለልጁ ይነገረው። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ «ሞታለች፤ ሰውነቷ መሥራት አቁሟል፤ አትመለስም» ይባላል፤ ቤተሰቡ የሚያምነው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

በኩሌ ከሚሠሩት መምህራን፣ ነርሶችና የጥበቃ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ከደጋው አገር የመጡ በመሆናቸው የራሳቸውን የመርዶ ልማድ ይዘው ይመጣሉ። መርዶ ለአዋቂ ሲነገር እጅግ የታሰበበት ሥርዓት ነው። ዘመድ አስቀድሞ ይመካከራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚደግፉት ሰዎች ዙሪያውን ይዘውት ይነገረዋል። በዚያው ሰዓት ግን ልጆች ጎረቤት ቤት ይላካሉ፤ የሚሰሙትም ከጨዋታ ጓደኛ ወይም ከአጥር ውጭ በሚያልፍ ለቅሶ ነው። ለአዋቂ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ለልጅም ቢደረግ ኖሮ ከዚህ የተሻለ መንገድ መፈለግ ባላስፈለገ። ልጅን የሚያረዳው ሰው አስቀድሞ ይመረጥ፤ ልጁ የሚያውቀውና ነገም የሚያገኘው ሰው ይሁን። በልጁ ጎጆ ውስጥ ወይም እሱ ደኅንነት በሚሰማው ቦታ፣ ከበላ በኋላ፣ በቀን ብርሃን ይነገረው፤ ማታ የተነገረው ልጅ ሌሊቱን ከዜናው ጋር ብቻውን ያድራል። ወንድምና እህት ካለው አንድ ላይ ይነገራቸው፣ ታላቁ ለታናሹ ምሥጢር ጠባቂ እንዳይሆን።

ንግግሩ አጭር ይሁን። «የሚያሳዝን ነገር ልነግርሽ ነው። እናትሽ በጣም ታማ ነበር። ሐኪሞቹ ሊያድኗት ሞከሩ፤ በሽታው በረታባቸው። ዛሬ ሞታለች። አክስትሽ ከአንቺ ጋር ናት፤ ማታም አብራሽ ታድራለች።» ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ዝምታና እቅፍ ነው። ልጅቷ ወዲያው ተነሥታ ልትጫወት ትችላለች፤ ትጫወት። ያልታወቀ ነገር ከጠየቀች «ይህን አላውቅም» የሚል መልስ ከተፈጠረ ተረት ይሻላል። ይህ ሁሉ በልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በኑዌርኛ መሆን አለበት። ባለሙያው ቋንቋውን የማይችል ከሆነ ነጋሪው የቤተሰቡ ሰው ይሁን፤ ባለሙያው አጠገቡ ይቀመጥ። አስተርጓሚ ግድ ሲሆን ደግሞ አዋቂ ይፈለግ። አማርኛ የተማረች የአሥር ዓመት እህት የእናቷን ሞት ለወንድሟ እንድታስተረጉም ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ በጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ሰው ሲቸግር በቀላሉ የሚደረግ ነገር ስለሆነ ነው ይህ እዚህ ላይ መነሣቱ።

ቀብርን በተመለከተ ልጁ እንዲመርጥ ማድረግ ጥሩ ነው። ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ይነገረው፦ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሰዎች ያለቅሳሉ፣ ሰውነቷ አፈር ይለብሳል፣ እሷ ግን አይሰማትም። ለእሱ ብቻ የተመደበ፣ ሲበቃው ይዞት የሚመለስ አንድ አዋቂም ይኑረው። ያልሄደ ልጅ በኋላ መቃብሩን እንዲያይ ይወሰድ።

የትንሽ ልጅ ሐዘን እንደ አዋቂ ሐዘን አይቀጥልም። ትንሽ ያለቅሳል፣ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ከዚያ በማይጠበቅ ሰዓት ይፈነዳል። ሽንት መቆጣጠር የጀመረው ተመልሶ መኝታው ላይ ይሸናል፤ ብቻዋን መተኛት የለመደችው የአሳዳጊዋን ቀሚስ ይዛ አትለቅም፤ ተማሪው ክፍል ውስጥ ይፈዛል ወይም ይደባደባል። መምህሩ ይህን ካላወቀ ሐዘኑን እንደ ብልግና ቆጥሮ ይቀጣዋል። ሐዘኑ ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን በጨዋታው ነው። የኑዌር ልጆች ከጭቃ በሬና ላም ሠርተው፣ በረት አጥረው፣ አዋቂዎቹ የሚያደርጉትን ሁሉ በጨዋታ ማድረግ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ አንትሮፖሎጂስቱ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካደረገው ጥናት ተነሥቶ ይህን ጽፎታል። ከብት እንደ ልብ በሌለበት ኩሌ ጭቃው አለ። አባቱ የተገደለበት ልጅ የጭቃ ሰው ሠርቶ ቢቀብር፣ አውጥቶ ደግሞ ቢቀብር፣ ሊከለከል አይገባም። ለሕፃናት ምቹ በተባሉት ቦታዎች የተገዛ አሻንጉሊት ካለ መልካም ነው፤ ሸክላ አፈር፣ ውኃና ዝም ብሎ የሚያይ አዋቂ ግን ከእሱ የበለጠ ይጠቅማሉ። አዋቂው ጨዋታውን አይምራው፤ ልጁ ሲያወራ ብቻ ያዳምጥ።

ኑዌሮች የሞተን ሰው ከቤተሰቡ ውስጥ የማያወጡበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፣ ባለሙያዎችም ሊያውቁት ይገባል። በልማዱ መሠረት ባሏ የሞተባት ሴት የሟቹ ሚስት ሆና ትቆያለች፤ ከወንድሙ ብትወልድ እንኳ ልጆቹ በሟቹ ስም ይጠራሉ። ልጅ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ወደ ኋላ እየቆጠረ ያድጋል። እንዲህ ያለው ቆጠራ ለሐዘንተኛ ልጅ «አባትህ ሞቷል፤ አንተ ግን አሁንም የእሱ ልጅ ነህ» የሚል ትርጉም አለው። ይህን ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ማለማመድ ከሌላ አገር ከተቀዳ የሥራ ቅጽ በእጅጉ የተሻለ ነው። በሌላ በኩል ሐዘኑን የሚዘጋው ሥርዓት ከወራት በኋላ ከብት ታርዶ የሚደረግ ነበር፤ ከብቱን ያጣ ቤተሰብ ይህን ማድረግ ስለማይችል ሐዘኑ ሳይዘጋ ይቀራል። በበሬ ፋንታ ቤተሰቡ፣ ሽማግሌውና ቄሱ ተስማምተው የሚያደርጉት ትንሽ መሰባሰብ፣ ልጆቹም በስማቸው ተጠርተው የሚቀመጡበት ቢሆን፣ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። ምን ዓይነት ይሁን የሚለውን ግን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። አባቱ በደቡብ ሱዳን በናስር አካባቢ ከጠፋ ዓመታት ያለፉት ልጅ እንደሞተም እንደሚመለስም አይነገረውም፤ ሁለቱም ውሸት ሊሆኑ ይችላሉና። የሚነገረው ያለው እውነት ብቻ ነው፦ «የት እንዳለ አናውቅም። እየፈለግነው ነው። ስናውቅ ላንተ እንነግርሃለን። እስከዚያ ከእኛ ጋር ነህ።» የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ ይሠራሉ፤ ፍለጋው መጠየቁን ልጁ ማወቅ አለበት፣ የመጣው መልስም መልካምም ይሁን ክፉ ሊደርሰው ይገባል። መናፈቅ ይከልከል ማለት ከንቱ ነው፤ ልጁ እየናፈቀም መማርና መብላት ይችላል።

ልጁ በሐዘኑ ላይ የሚጸናው በአብዛኛው በሚያሳድገው ሰው ብርታት መጠን ነው። ዊሊያም ዎርደንና ፊሊስ ሲልቨርማን በቦስተን ወላጅ የሞተባቸውን 125 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ያገኙት ይህንኑ ነው፦ አብዛኞቹ ልጆች ከባድ ችግር ላይ አልወደቁም፤ የወደቁት በይበልጥ የቀረው ወላጅ ራሱ የተሰበረባቸው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን ውስጥ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም ባቋቋሟቸው የሕፃናት ማቆያዎች ደግሞ ትንንሾቹን እያንዳንዷ ሞግዚት ለሁሉም ልጅ እየሆነች ስትይዛቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ለጥቂት ልጆች አንዲት ቋሚ ሞግዚት ሲመደብ ግን ንግግራቸውም ንጽሕናቸውም ተሻሻለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ ልጅም ሆነ አዋቂ የማረጋጊያ መድኃኒት እንዳይሰጥ፣ የተደራጀ የሥነ ልቦና ሕክምናም ለሁሉም በጅምላ እንዳይዳረስ መክሯል። ለኩሌ ይህ መልካም ዜና ነው። አብዛኛውን ሥራ አክስት፣ አያት፣ መምህርና ጎረቤት ሊሠሩት ይችላሉ ማለት ነው፤ እነሱ እንዳይሰበሩ መደገፍ ደግሞ ልጁን መደገፍ ነው። መብላት ያቆመ፣ ለወራት ከሰው የራቀ፣ ራሱን የሚጎዳ ወይም ሟቹን ልከተል የሚል ልጅ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጽሕፈት ቤቱን የሚመለከት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ ተሻሽሎ ለስደተኞች በመከፈቱ፣ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሞትም እንደ ልደት በጣቢያዎች ይመዘገባል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የራሽን አሰጣጡ በቤተሰብ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ግን ሞትን ማስመዝገብ ከምግብ መቀነስ ጋር በቤተሰቡ አእምሮ ተቆራኝቷል፤ ሞቱን የሚደብቅ ቤት ደግሞ ልጁንም «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ዝም ያሰኘዋል። ሐዘኑን እንዲደብቅ የታዘዘ ልጅ የሚያጽናናው ሰው አያገኝም። የሟቹ ስም ከራሽን ካርዱ ከመነሣቱ በፊት ለሐዘን የሚሆን የተወሰነ ጊዜ ቢፈቀድ፣ ስሙም በልጆቹ ፊት በወረፋ ላይ እየተጠራ ባይሰረዝ ይህ ችግር ይቀላል።

የሞት ምዝገባው ሌላም ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። መዝጋቢው ሟቹ ትንንሽ ልጆች ትቶ እንደሆነ ጠይቆ፣ ካለ በዚያው ሳምንት ለሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛው እንዲያሳውቅ ቢደረግ፣ የልጁ ባሕርይ ተበላሽቶ እስኪታይ መጠበቅ ይቀራል። አሳዳጊ መፈለግ ሲያስፈልግ ወንድማማቾችና እህትማማቾች እንዳይለያዩ፣ ከተቻለም ከነበሩበት የጣቢያው ዞንና ትምህርት ቤት እንዳይወጡ ይደረግ፤ እናቱን ያጣ ልጅ በዚያው ወር ጓደኞቹንና መምህሩን ማጣት የለበትም። የልጁ ጉዳይ የተያዘለት ሠራተኛ ውሉ ሲያልቅ ሳይሰናበተው መሄዱም ለልጁ ሌላ መጥፋት ነው፤ ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት ተተኪውን ከልጁ ጋር ያስተዋውቅ።

በጤና ጣቢያውና በማዋለጃ ክፍሉ እናት ስትሞት አብረዋት ከመጡት ልጆች ጋር የሚሆን ኑዌርኛ ተናጋሪ ሰው በየፈረቃው ቢመደብ ወጪው ትንሽ ነው። መምህራኑ የሚያስፈልጋቸው የግማሽ ቀን ገለጻ ነው፤ ሐዘንተኛ ልጅ እንዳይቀጣ፣ ወደ ክፍሉ ከመመለሱ በፊት ጓደኞቹ እንዲነገራቸው፣ ማልቀስ ሲያሰኘው የሚወጣበት ፈቃድ እንዲኖረው። ለልጅ ሞት እንዴት እንደሚነገር የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍም በኑዌርኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ፣ ማንበብ ለማይችሉት በቃል እየተነገረ፣ የወባው ወቅት ከመግባቱ በፊት በየብሎኩ ተጠሪ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛው እጅ እንዲገባ ይህ ደብዳቤ ይጠይቃል።